ግሥ ቆጥሮ ክሎዝ ማወቅ ይቻላል ወይ? ክሩ እስካሁን የደረሰበት

ክሩ (የመድረኩ የጥያቄና መልስ ሰንሰለት) የተከፈተው በእንግሊዝኛ ሰዋስው ፈተና ጣጣ ነው። ጠያቂው «ሺ ዎንትስ ቱ ሊቭ» (መሄድ ትፈልጋለች) የሚለው ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንደሆነ እንዲለይ ተጠየቀ። ውስብስብ ነው ብሎ መለሰ፤ ኤክስ ገባበት። ትክክለኛው መልስ ነጠላ ነው ተባለ። ይህ ሰው ግን ሲሠራበት የኖረ የራሱ ደንብ ነበረው። ግሥ ቁጠር፤ የግሡ ብዛት የክሎዙ (ባለቤትና ግሥ ያለው የዓረፍተ ነገር ክፍል) ብዛት ነው። አንድ ከሆነ ነጠላ፣ ሁለት ሆነው በ«ኤንድ» ወይም በ«በት» ከተያያዙ ድርብ፣ በ«ቢኮዝ» ወይም በብጤዎቹ ከተያያዙ ውስብስብ። ግሥ ከሌለ ፍሬዝ (ሐረግ) ነው፤ አለቀ። ታዲያ «ዎንትስ» እና «ሊቭ» ሁለት ግሦች አይደሉም ወይ? ከፈታኙ ጋር የሚከራከርበት ማስረጃ ስጡኝ ነው ያለው።

መልሱ በዝቷል፤ ከፊሉም ከጉዳዩ ውጭ ነው። አዲስ የሚመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች ከሚዳክር ብዬ በየቁጥሩ ላስቀምጠው። መሀል መሀል ላይ የራሴንም ጣል አደርጋለሁ፤ አትቀየሙኝ።

መልስ 1፦ ጨዋ ሰው ነው። ጠያቂውን እርስዎ እያለ፣ ደንቡ ግማሽ መንገድ ድረስ እንደሚሠራ ነገረው። የሚቆጠረው ግሥ ሁሉ ሳይሆን ጊዜ የሚያሳየው ብቻ ነው ባይ ነው። መለያውም ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ወደ ትናንት መውሰድ። «ዎንትስ» ወዲያው «ዎንትድ» ይሆናል። «ቱ ሊቭ» ግን ንቅንቅ አይልም። ክሎዝ የሚሠራው የተለወጠው ነው። ቀጥሎ «ሂ ሃዝ ቢን ስሊፒንግ» የሚለውን አመጣ። እዚህ ግሥ ግሥ የሚሸቱ ሦስት ቃላት አሉ። ወደ ትናንት ሲሄድ የሚለወጠው ግን «ሃዝ» ብቻ ነው፤ «ሃድ» ይሆናል። ስለዚህ አንድ ክሎዝ። ለጀማሪ ከክሩ ሁሉ የሚጠቅመው ይሄ ይመስለኛል። ከታች ያለውን ባታነቡ እንኳ ይቺን ይዛችሁ ሂዱ።

መልስ 2፦ አመስግኖ ወጣ።

መልስ 3፦ የመጀመሪያውን አሟላ። ጊዜ የሚያሳይ ግሥ ብቻውን አይበቃም፤ ባለቤትም ይፈልጋል። «ሺ ኦፕንድ ዘ ዶር ኤንድ ራን አውት» ላይ ሁለቱም ግሦች ጊዜ ያሳያሉ፤ ባለቤታቸው ግን አንዷ «ሺ» ናት። በትምህርት ቤቱ አቆጣጠር ይሄ ነጠላ ዓረፍተ ነገር ነው። «ኤንድ ሺ ራን አውት» ከተባለ ግን ሁለተኛ ባለቤት ስለመጣ ድርብ ይሆናል። ያኔ ከ«ኤንድ» በፊት ኮማ ማስገባትም የተለመደ ነው። አንዲት «ሺ» የዓረፍተ ነገሩን ስም ትቀይራለች ማለት ነው።

መልስ 4፦ መምህር እንደሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ተማሪ የሚሳሳተው ግሥ ቆጠራ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው ባይ ነው። ተማሪው «አፍተር» ሲያይ ክሎዝ ይላል፣ «ኢን» ሲያይ ፍሬዝ ይላል፣ የሚቀጥለውን አያነብም። «አፍተር ዘ ሚቲንግ» ፍሬዝ ነው፤ «አፍተር ዘ ሚቲንግ ኤንድድ» ክሎዝ ነው። መነሻው አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ጫፍ ላይ የመጣው «ኤንድድ» ነው። «ሲንስ መንደይ» እና «ሲንስ ሺ ሌፍት» እንደዚሁ፤ «ቢፎር» እና «አንቲል»ም እንደዚሁ። አንዳንዱ ቃል ግን ወገኑን ለይቷል። «ዲስፓይት» ከስም ጋር ነው የሚሄደው፣ «ኦልዞው» ከክሎዝ ጋር። «ቢኮዝ ኦቭ ዘ ሬይን» ይባላል እንጂ «ቢኮዝ ኦቭ ኢት ሬይንድ» አይባልም። ምክሩ፣ የቃላት ዝርዝር ከመሸምደድ ከቃሉ በኋላ ምን እንደመጣ ማየት ነው።

መልስ 5፦ ከዚህ ጀምሮ ነገሩ መካረር ጀመረ። አምስተኛው የቋንቋ ጥናት የተማረ ይመስላል። መምህሩ ተማሪ እያሳሳቱ ነው ብሎ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን ትልቁን የካምብሪጅ ሰዋስው ጠቅሶ፣ እዚያ ሁለቱም «አፍተር» አንድ ቃል፣ አንድ የቃል ክፍል እንደሆኑ፣ ሁለቱም መስተዋድድ እንደሚባሉ አስረዳ። አንደኛው ስም ያስከትላል፣ ሌላው ክሎዝ ያስከትላል፤ ይኸው ነው። ማነጻጸሪያውን ወድጄለታለሁ። «አይ ኖው ዘ አንሰር» እና «አይ ኖው ሺ ሌፍት» ላይ «ኖው» አንዴ ስም፣ አንዴ ክሎዝ አስከትሏል። ሁለት ዓይነት «ኖው» አለ የሚል ግን የለም። «አፍተር» ላይ ሲደርስ ለምን ለሁለት ይከፈላል?

መልስ 6፦ መምህሩ ተመለሱ። እርስዎ የሚሉት ቢሆንም፣ ፈተናው የሚጠይቀው እሱን እንዳልሆነ፣ ተማሪ ክሎዝ ለሚያስከትለው «አፍተር» አያያዥ በማለት ፈንታ መስተዋድድ ብሎ ጽፎ ነጥብ ሲቀነስበት አምስተኛው መጥቶ እንደማያስመልስለት ጻፉ። አምስተኛውም ልክ ነው፣ መምህሩም ልክ ናቸው። የቃሉ ስም ላይ ነው የተጣሉት እንጂ «ኤንድድ» ሲመጣ ክሎዝ መጣ በሚለው ላይ ልዩነት የላቸውም። ይህን የጻፈላቸው ሰው ግን አልነበረም።

መልስ 7፦ ገጠመኝ ነው። ጸሐፊው ለሥራ ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ለምን ለቦታው እንደሚመጥን ከገለጸ በኋላ ነጥብ አድርጎ «ቢኮዝ አይ ሃቭ ኢክስፒሪየንስ» ብሎ እንደገና ነጥብ አደረገ። ያነበበለት ጓደኛው በቀይ አሰመረበት። ባለቤት አለ፣ ግሥ አለ፣ ጊዜም አለ፤ ምን ጎደለ? የጎደለው የሚደገፍበት ነው። «ቢኮዝ» የገባበት ክሎዝ ጥገኛ ነው፤ ዋናው ክሎዝ ነጥቡ ማዶ ቀርቷል። ከዚያ ራሱ የሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ነው። እኛ ጥገኝነቱን ግሡ ላይ ነው የምንለጥፈው፦ ስላልመጣች፣ ስትመጣ፣ ከመጣች። ግሡ ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ነጥብ ልናደርግ ስንል ምልክቱ ፊታችን ድቅን ይላል። እንግሊዝኛው ምልክቱን መጀመሪያ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ክሎዙ ከረዘመ ነጥቡ ጋ ስንደርስ «ቢኮዝ» ተረስቷል።

መልስ 8፦ ታዲያ በ«ቢኮዝ» ዓረፍተ ነገር መጀመር ክልክል ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

መልስ 9፦ አይደለም። ጀምረው ዋናውን ክሎዝ ካመጡለት ምንም ችግር የለውም፤ «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ» ብለው ኮማ አድርገው «ዊ ስቴይድ ሆም» ቢሉ ሙሉ ነው። ለምን ተብሎ በአፍ ለተጠየቀ «ቢኮዝ አይ ዋዝ ታየርድ» ብሎ መመለስም ያለ ነው፤ ዋናው ክሎዝ ጥያቄው ውስጥ አለና። ክልከላው ልጆች ጥገኛ ክሎዝ አንጠልጥለው እንዳይተዉ የወጣ መከላከያ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኛል።

መልስ 10፦ ድርብ ዓረፍተ ነገርን አነሳ። ዋና ክሎዝን ከዋና ክሎዝ የሚያያይዙት «ፋንቦይስ» እየተባሉ በመጀመሪያ ፊደላቸው የሚሸመደዱት ሰባቱ ናቸው፦ ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ የት፣ ሶ። «ሃውኤቨር» እና «ዜርፎር» የሉበትም። ትርጉማቸው «በት»ን እና «ሶ»ን ስለሚመስል ግን ሰው በኮማ ብቻ ያያይዛቸዋል። «ኢት ዋዝ ሌት» ብሎ ኮማ፣ «ሃውኤቨር ሺ ስቴይድ» ማለት ስህተት ነው። ወይ ነጥብ፣ ወይ ሴሚኮለን ይፈልጋል። ማረጋገጫ ብሎ ያመጣው ነገር አሪፍ ነው። «ሃውኤቨር» ቦታ ይቀያይራል፤ «ሺ፣ ሃውኤቨር፣ ስቴይድ» ይባላል። «በት» ግን ከቦታው አይነሳም። እንደፈለገ የሚዘዋወር ቃል አያያዥ አይሆንም።

መልስ 11፦ ስለ ርዝመት ነው። ረጅም ከሆነ ክሎዝ፣ አጭር ከሆነ ፍሬዝ የሚመስላቸው እንዳሉ አስታውሶ የዮሐንስ ወንጌል 11፥35ን አመጣ። በእንግሊዝኛው ሁለት ቃል ነው፦ «ጂሰስ ዌፕት»። ባለቤትና ጊዜ የሚያሳይ ግሥ ስላለ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «ጎ» ብቻውንም ዓረፍተ ነገር ነው፤ ትእዛዝ ስለሆነ ባለቤቱ «ዩ» ሳይጻፍ ይታወቃል። በአንጻሩ «ዘ ኦልድ ግሪን ቡክ ኦን ዘ ቴብል ኒር ዘ ዊንዶው» ዐሥር ቃል ይዞ እንኳ ያው ፍሬዝ ነው። መጽሐፉ ምን ሆነ? አይታወቅም።

መልስ 12፦ የዓረፍተ ነገር ዓይነት ሲባል ሁለት የተለያዩ አከፋፈሎች እንደተደባለቁ ጠቆመ። ነጠላ፣ ድርብ፣ ውስብስብ የሚለው ስለ አሠራሩ ነው። ድርብና ውስብስብ አንድ ላይ የሆኑበትም አለ። መግለጫ፣ ጥያቄ፣ ትእዛዝ፣ አጋኖ የሚለው ደግሞ ስለ ዓላማው ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ጥያቄ ሆኖ ውስብስብ የሆነ ሞልቷል። አንድ ጥሩ ነገር ጨምሯል፦ መልክና ሥራ የሚለያዩበት ጊዜ አለ። «ካን ዩ ክሎዝ ዘ ዊንዶው» (መስኮቱን መዝጋት ትችላለህ) መልኩ ጥያቄ ነው። አዎ እችላለሁ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ግን የለም፤ ካለም እያሾፈ ነው።

መልስ 13፦ የክሩ ምርጥ መልስ ይሄ ነው፤ ማንም ላይክ አላደረገውም። ጥገኛ ክሎዝ በስሙ አይታወቅም፣ በሥራው ነው የሚታወቀው የሚል ነው። «ዌን ሺ አራይቭድ» የሚለውን አንድ ክሎዝ ይዞ ሦስት ቦታ ተከለው። «ዊ ስታርትድ ዌን ሺ አራይቭድ» ላይ መቼ እንደጀመርን ይናገራል፤ የተውሳከ ግሥ ሥራ ነው። ወደ ፊት አምጥተው ቢጀምሩበትም ትርጉሙ አይናድም። «አይ ዶንት ኖው ዌን ሺ አራይቭድ» ላይ ያው ሦስት ቃል የ«ኖው» ተሳቢ ሆነ። የስም ሥራ ነው፤ ነቅለው «ኢት» ቢተኩበት ይቆማል፣ «አይ ዶንት ኖው ኢት»። «ዘ ዴይ ዌን ሺ አራይቭድ ዋዝ ኮልድ» ላይ ደግሞ «ዴይ» ላይ ተለጥፎ የትኛው ቀን እንደሆነ ይለያል። የቅጽል ሥራ ነው፤ ከ«ዴይ» ነጥለው ሌላ ቦታ ሊወስዱት አይችሉም። አንዲት ፊደል አልተለወጠም፤ ሥራው ግን ሦስት ነው። «ዌን» ካየህ የተውሳከ ግሥ ክሎዝ በል የሚሉ ማስታወሻዎች እዚህ ላይ ነው የሚሰናከሉት።

እዚያው ላይ አንድ የተለመደ ምክርም አፈረሰ። ጥገኛውን ስታወጣው የቀረው ዋናው ክሎዝ ነው፣ ራሱን ችሎ ይቆማል ይባላል። «ዋት ሺ ሴድ ሰርፕራይዝድ ኤቭሪዋን» ላይ ይሞከር። ጥገኛው «ዋት ሺ ሴድ» ነው። ሲወጣ «ሰርፕራይዝድ ኤቭሪዋን» ብቻ ይቀራል፤ ባለቤት የለውም። ጥገኛው ራሱ ባለቤቱ ነበር። ስለዚህ ከማውጣት ይልቅ መተካት ነው የሚሻለው።

መልስ 14፦ እ.ኤ.አ. በ1970 ቶማስ ቢቨር የተባለ ተመራማሪ ያመጣውን ዝነኛ ዓረፍተ ነገር ለጠፈ፦ «ዘ ሆርስ ሬስድ ፓስት ዘ ባርን ፌል»። ካነበባችሁት በኋላ «ፌል» ከየት መጣ ካላችሁ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። አንባቢ «ሬስድ»ን ዋናው ግሥ አድርጎ ይወስደዋል፣ ፈረሱ ጋጣውን አልፎ ጋለበ ብሎ ይጨርሳል፣ ከዚያ ትርፍ ግሥ ይመጣበታል። ዋናው ግሥ ግን «ፌል» ነው። «ሬስድ ፓስት ዘ ባርን» ከፊቱ «ዛት ዋዝ» የተቀነሰለት፣ የትኛው ፈረስ እንደሆነ የሚለይ ነው። በጋጣው በኩል እንዲጋልብ የተደረገው ፈረስ ወደቀ ማለት ነው። በ«ሬስድ» ቦታ «ሪድን» ቢገባ ግራ መጋባቱ ይጠፋል፤ «ሪድን» ብቻውን ዋና ግሥ መሆን ስለማይችል። የመልስ 1 የትናንት ፈተናም እዚህ እንደማይሠራ አስታወሰ፤ «ሬስድ» በሁለቱም ሥራው አንድ መልክ ነው ያለው።

መልስ 15፦ ይሄኛው ተቆጣ። ሰው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጽፎ እንደማያውቅ፣ ጀማሪ ለማስደንበር ካልሆነ ጥቅሙ ምን እንደሆነ፣ ዕውቀት ማሳያ ሌላ ቦታ እንዲፈለግ ጻፈ። እርስዎ መባባሉ እዚህ ላይ አበቃ፤ በአንተ ነው የጻፈው።

መልስ 16፦ አሥራ አራተኛውም አልተኛለትም። ያልገባህን ሁሉ ጉራ አትበለው ዓይነት ነገር መለሰ። ሦስት መስመር ስድብ ነበረበት፤ አልፌዋለሁ። ከስድቡ መሀል ግን አንድ ቁም ነገር አለ። የተቀነሰ ክሎዝ ጋዜጣ ላይ በየቀኑ አለ፤ «ዘ ማን አሬስትድ የስተርደይ» ሲባል «ሁ ዋዝ» ተቀንሷል። ፈረሱ የከበደን እንግዳ ስለሆነ ሳይሆን መሳሳቻው ግጥም ብሎ ስለተሠራ ነው።

መልስ 17፦ ማብረጃ ይሁን ብሎ ወደ ፍርድ ቤት ወሰደን። ከርዕሱ ወጣ ተባለ እንጂ የወጣ አይደለም። አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ውስጥ የወተት ተዋጽኦ የሚያከፋፍሉ ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠየቁ። ሕጉ ትርፍ ሰዓት የማይከፈልባቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር መጨረሻው ላይ ያኔ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢዩሽን» ይል ነበር፤ ከ«ኦር» በፊት ኮማ አልነበረም። ጥያቄው ፍሬዙ የት ያልቃል ነው። «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት» ላይ ካለቀ «ዲስትሪቢዩሽን» ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል፤ አከፋፋዮቹ ሾፌሮች ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። «ሺፕመንት» እና «ዲስትሪቢዩሽን» ሁለቱም ከ«ፎር» ሥር ከሆኑ ግን የሚያስቀረው ማሸጉን ብቻ ነው። ሾፌሮቹ አንድ ነገር አሳዩ፦ ሌሎቹ ሥራዎች ሁሉ በ«ኢንግ» ያልቃሉ፤ «ካኒንግ»፣ «ስቶሪንግ»፣ «ፓኪንግ» እየተባለ ነው የሚሄደው። «ዲስትሪቢዩሽን» አያልቅም፤ ስለዚህ የዝርዝሩ አባል አይደለም። የይግባኙ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ሕጉ አሻሚ ነው ብሎ ለሾፌሮቹ ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

መልስ 18 እና 19፦ ዝርዝር ውስጥ ከ«ኤንድ» በፊት ኮማ ይገባል አይገባም በሚል ተጨቃጨቁ። የሚያስገባ አለ፣ የማያስገባ አለ፤ ማንም ማንንም አላሳመነም።

መልስ 20፦ ወደ ጠያቂው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1985 በሎንግማን የታተመው ትልቁ ሰዋስው ክሎዝን ሲከፍል ጊዜ የማያሳይ ግሥ ያለውንም ክሎዝ ይለዋል። በዚያ ቆጠራ «ቱ ሊቭ» ክሎዝ ነው፤ «ሺ ዎንትስ ቱ ሊቭ»ም ውስብስብ ነው። ምክንያቱም አለው። «ቱ ሊቭ ዘ ሲቲ ቢፎር ዳርክ» ቢባል «ሊቭ» የራሱ ተሳቢ አለው፣ የራሱ ጊዜ ገላጭ አለው፤ ባለቤቱም ማን እንደሆነ ይታወቃል። ከጊዜው በቀር ክሎዝ የሚያሰኘውን ሁሉ ይዟል። ስለዚህ ጠያቂው ፈታኙ ፊት የሚያቀርበው ማስረጃ አለው። ነጥቡ ግን አይመለስለትም። የፈተናው መጽሐፍ ክሎዝን ጊዜ በሚያሳይ ግሥ ከወሰነ፣ ፈተናው የሚታረመው በዚያው ነው። መምህሩም ከታች አጭር ምስጋና ትተዋል፤ አምስተኛው ግን ድምፁ ጠፋ።

መልስ 21፦ ኮማ ከተነሳ አይቀር ብሎ «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ አብሮድ ኮልድ ሚ» የሚለውን አመጣ። ኮማ ከሌለ «ሁ ሊቭስ አብሮድ» የትኛው ወንድም እንደሆነ ይለያል፤ ሌሎች ወንድሞች እንዳሉ ይሰማል። በሁለት ኮማ ከታጠረ ግን ጭማሪ ወሬ ነው፤ አንድ ወንድም ብቻ እንዳለው ነው አንባቢ የሚረዳው። በኮማ የታጠረው ላይ «ዛት» እንደማይገባም አስጠነቀቀ፤ ለሰው «ሁ»፣ ለነገር «ዊች» ነው።

መልስ 22፦ «ሺ ሌፍት ኧርሊ» ተብሎ ኮማ ተደርጎ «ዊች ሰርፕራይዝድ ሚ» ሲባል «ዊች» የሚያመለክተው የትኛውን ስም እንደሆነ ጠየቀ። ይህን እስክጽፍ ድረስ መልስ አልተሰጠውም፤ እኔ ልስጠው። የትኛውንም ስም አይደለም። የሚያመለክተው ከኮማው በፊት ያለውን ክሎዝ በሙሉ፣ ቀድማ መሄዷን ነው። እንዲህ ሲሆን ኮማው ግዴታ ነው፤ «ዛት»ም አይተካውም።